ዋና ወቀሳ ተቀባይ

ያገሬን ስም ጠይቃችሁ አታድክሙኝ። ስም አጥቶ አይደለም፤ ግን በተጠራ ቁጥር ሰው ሁሉ «እንዲህ ያለ አገርማ እኔም አውቃለሁ» እያለ ነገሩን ወደ ራሱ መንደር ይጎትተዋል፤ እኔ ደግሞ ለሙግት አቅሙ የለኝም። አንድ ወንዝ አለው በሉት። ወንዙን በበጋ ፍየል ትዘለዋለች፤ በክረምት ግን በሬ ይወስዳል። ከወንዙ ወዲህ ከተማው አለ፣ ከወንዙ ወዲያ ማዶ ሰፈር የሚባለው። ገበያው፣ ሐኪም ቤቱና መንግሥቱ ሦስቱም ወዲህ ናቸው።

ይህ አገር ከጥንት ጀምሮ የሚተዳደረው በሰሚ ነው። ሰሚ ማለት በሌላው አገር ባላባት የሚሉት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ የሌላው አገር ባላባት ይናገራል፣ የኛው ይሰማል። ዝናቡ ካባራ በኋላ እህሉ ሳይታጨድ የወቀሳ ቀን የሚባል አለን። በዚያን ቀን ሰሚው አውድማው ላይ ሙቀጫ ይደፋና ይቀመጥበታል። ሙቀጫ ዓመቱን ሙሉ ሲወቀጥበት የሚኖር ዕቃ ስለሆነ አለቃም ከሱ ይማር ተብሎ ነው። ወቀጣና ወቀሳ የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው ይላሉ ሽማግሌዎቻችን።

ያገሩ ሰው ተራ በተራ ፊቱ እየቆመ በሆዱ የያዘውን ይነግረዋል። አንቱታ በዚያን ቀን የለም። በሌላ ቀን ከመንገድ ወርዶ እጅ የሚነሳው ሁሉ ያን ቀን «አንተ» ነው የሚለው። «አንተ ሰነፍ፣ ከብት ምንጩን ሲያደፈርሰው ዓይንህን ጨፍነህ አለፍክ!» ይለዋል አንዱ። «ከወንድሜ ጋር ስንጣላ አንተ የት ነበርክ? ጠላ ቤት ነበርክ!» ትለዋለች ሌላዋ። ሰሚው ቃል አይመልስም፣ አይቆጣም፣ ሚስቱን ቀና ብሎ አያይም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይነሳና «ተቀብያለሁ» ይላል፤ በቃ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ።

ቀልድ ግን አይደለም። የተቀበለውን ሁሉ እስከሚመጣው ክረምት ሠርቶ መጨረስ አለበት። ምንጭ ከሆነ ያሳጥራል፣ ጠብ ከሆነ ያስታርቃል፣ ድልድይ ከሆነ ደቦ ጠርቶ ግንድ ያስጋድማል። ላቃተውም ሰሚ መውጫ አለው። ሙቀጫውን ቀና አድርጎ በሕዝብ ፊት አንድ እፍኝ እህል ይወቅጥበታል፤ ያን ጊዜ ሰሚነቱ አበቃ፣ እንደማናችንም ሰው ሆነ ማለት ነው። ማንም አይስቅበትም። የዘርጋው አጎት እንዲያ አድርገው ወርደው ኋላ የታወቁ ንብ አናቢ ወጥቷቸዋል።

ዘርጋው የምላችሁ ይህ ታሪክ የሱ ስለሆነ ነው። ከአጎቱ በኋላ ሰሚ የሆነው እሱ ነው። ዝምተኛ፣ ትከሻው ሰፊ፣ የሰው ነገር ሆዱ ገብቶ የማይወጣለት ዓይነት ሰው ነው። ሚስቱ ዘነቡ ጎረቤቴ ናት። ከማወራችሁ ውስጥ ራሴ ካየሁት የቀረው ከሷ የሰማሁት ነው፤ ዘነቡ ደግሞ አትጨምርም፣ ብትጨምርም ለወጥ ጨው ያህል ነው።

መንግሥት የመጣብን በመኪና ነው። አቶ ሰናይ የሚባሉ፣ የባህል ማዘመኛ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ጫማቸው ጭቃ እንዳይነካው እየዘለሉ አውድማው ዳር ደርሰው ቆሙ። ዕለቱ የወቀሳ ቀን ነበር። ተራው ደግሞ የእትዬ ይመኙሻል። እትዬ ይመኙሻል የማዶ ሰፈር ሴት ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንዲት ልጃቸውን አበቡን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ አንደበታቸው እንደ ምላጭ የሆነ።

«አንተ ዘርጋው!» አሉት። «ድልድዩ በስብሷል። ባለፈው የሰው አህያ በመሃሉ ወርዳ ቀረች። ልጄን ድሬያለሁ፤ ከርሞ ትወልዳለች። በክረምት ምጥ ቢመጣባት በምን ላሻግራት ነው? በጀርባህ?»

ሰው ሳቀ። ዘርጋው አልሳቀም። ማታ ለዘነቡ እንዳላት፣ ከተባለው ሁሉ ሆዱ የገባው ይኸው ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተነሳና «ተቀብያለሁ» አለ። እትዬ ይመኙሻልም ነጠላቸውን አጣፍተው እያንጎራጎሩ ወደ ማዶ ተሻገሩ።

አቶ ሰናይ ግን የቆሙበት ቦታ ላይ ቀልጠው ቀርተው ነበር። ይህ ሁሉ ሕዝብ እዬዬውን አቅልጦ፣ ተሳድቦ፣ አንድ መስኮት ሳይሰብር፣ አንድ ድንጋይ ሳይወረውር ቀለል ብሎት ቤቱ ገባ። ሄደው የዘርጋውን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ሰሚ፣ እርስዎ እኮ ሀብት ነዎት» አሉት። «መንግሥት እንዲህ ያለ ሰው ሲፈልግ ነው የኖረው። የቀረዎት መዘመን ብቻ ነው።»

ዘርጋው ምን ይመልስ? በወቀሳ ቀን አይናገርም። ዝም ሲል እንደተስማማ ተቆጠረ። እኛ አገር ዝምታ ብዙ ነገር ነው፤ መንግሥት ቤት ግን እሺ ማለት ብቻ ነው አሉ። ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ እኛ የሰማነው ግን መስከረም ከጠባ በኋላ ነው። ዘርጋው «ዋና ወቀሳ ተቀባይ» ተብሎ ተሾመ። የነሐስ ቁልፍ የተደረደረበት ካፖርት ተሰፋለት። በዓመት አንድ ቀን የነበረው ወቀሳ ማክሰኞ ማክሰኞ ሆነ። ሙቀጫው ለኃላፊ አይመጥንም ተባለና በምትኩ የሚሽከረከር ወንበር መጣ፤ ሙቀጫውን ወስደው ቤተ መዘክር ብለው በሰየሙት አንድ ክፍል ውስጥ መስታወት ገጠሙበት። «አንተ» ማለትም ቀረ። የመንግሥት ሹም አንተ አይባልም፤ መውቀስ ያማረው በእርስዎ ይውቀስ።

እስቲ ሞክሩት። «እርስዎ ሰነፍ ነዎት።» «እርስዎ ምን ዓይነት የማይረቡ ሰው ነዎት?» አንጀት አያርስም። ሰዉ ግማሹን ተናግሮ ግማሹን ይዞት ይሄድ ጀመር፤ በሚቀጥለው ማክሰኞ የቀረውን ግማሽ ይዞ ይመለሳል። አቶ ሰናይ ሕዝቡ እየበዛ ሲሄድ አይተው ተሳትፎው አደገ አሉ።

ሥልጠናም ሰጡት፤ የማዳመጥ ሥልጠና። አሠልጣኙ ከጧት እስከ ምሳ ተናገረ፣ ከምሳ በኋላም ተናገረ። ዘርጋው ለሽንት ልውጣ ብሎ እጁን ቢያነሳ «ጥያቄ በመጨረሻ» ተባለ። በመጨረሻ የተገኘበት ጉድለት አንድ ነው፤ ሲሰማ ራሱን አይነቀንቅም። ተናጋሪው እየተሰማ መሆኑን እንዲያውቅ መነቅነቅ አለበት። ዘርጋውም ተማረ። በማግስቱ አንድ ነጋዴ «እርስዎ እኮ ሌባ ነዎት» ሲለው እንደተማረው ራሱን ነቀነቀ። አገሩ «አመነ!» ብሎ ስንት ጊዜ አወራው መሰላችሁ።

ከዚያ ወዲያ ምኑ ቅጡ። መብራት የጠፋበት ሰው መብራት ኃይል ሲሄድ «ሰሚ ዘንድ ሂድ» ይሉታል። አስተማሪ የቀረበት፣ ቧንቧው የደረቀበት፣ ጉዳዩ የጠፋበት ሁሉ ሰሚ ዘንድ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ቀለለው። ከጎረቤት ከተማም በአውቶቡስ እያሳፈሩ ማምጣት ጀመሩ፤ የነሱ አገር ሰሚ የለውማ። ድምፁ ሲዘጋበት «ተቀብያለሁ» የሚለውን ቀድተው በድምፅ ማጉያ ያሰሙለት ነበር። አንድ ማክሰኞ ሰው ከተበተነ በኋላ አቶ ሰናይ ራሳቸው መጥተው ፊቱ ቆሙ። እላይ ያሉት አለቃቸው እንዴት እንደሚያመናጭቃቸው፣ የጠየቁት ዝውውር እንዴት እንደተከለከለ፣ ከቤታቸው ርቀው ሐሩር ውስጥ እንደቀሩ ነገሩት። አለቀሱም። ዘርጋው ራሱን ነቀነቀላቸው።

«ዛሬ ደግሞ መንግሥትም ወቀሰኝ» አላት ለዘነቡ።

«በምን?»

«በመንግሥት።»

ዘነቡ ካፖርቱን እየተቀበለችው «ሰው ሲሾም ይበላል፤ አንተን ግን ሾመው ይበሉሃል» አለችው። ሳቀ አለች። የሚያደክመው መስማቱ አልነበረም። ሰምቶ ያውቃል። የሚያደክመው «ተቀብያለሁ» ማለቱ ነበር፤ በሱ ቤት ቃሉ ዕዳ ነው። የመብራቱንም፣ የቧንቧውንም፣ የአስተማሪውንም፣ የአቶ ሰናይን ዝውውር ሳይቀር የሚሠራው እሱ መስሎ ይሰማው ነበር። የትኛውንም መሥራት አይችልም። አንድ ግን የሚችለው አለ፤ ድልድዩ።

በልግ ሳይገባ ደቦ ጠራ። የዝግባ ግንድ ቆርጠን፣ በበሬ ጎትተን ወንዙ ዳር ከመርነው። እኔም ነበርኩበት። ዘርጋው ካፖርቱን አውልቆ እጅጌውን ሰብስቦ ሲጠርብ ያየ ሰው ዕድሜው የቀነሰ ይመስለው ነበር። በማግስቱ ልናጋድም ስንሰናዳ ያቺ መኪና መጣች።

«ሰሚ፣ ይህ ምንድን ነው?» አሉ አቶ ሰናይ።

«ድልድይ ነው።»

«ድልድይ እኮ መሠረተ ልማት ነው። መሠረተ ልማት የመንግሥት ነው። የእርስዎ ሥራ መስማት ነው፤ መሥራት የኛ።»

«ታዲያ መቼ ትሠሩታላችሁ?»

«እሱን የሚመልስልዎት ክፍል ገና በጥናት ላይ ነው።»

«አቶ ሰናይ፣ ክረምት እኮ ጥናት አይጠብቅም። ማዶ ነፍሰ ጡር አለች። ቃል ገብቻለሁ።»

አቶ ሰናይ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን ለማንም እመሰክራለሁ። ፊታቸው ላይ ድካም ነበር፤ ያው እንደኛ። «እኔ ዝም ብልዎ እኔን ይጠይቁኛል» አሉት። «ግንዱ ለጊዜው በመንግሥት እጅ ይቆይ። አይጠፋም፣ በኔ ይሁንብዎት።»

እውነትም አልጠፋም። የማክሰኞው ሕዝብ ስለበዛ መድረክ ያስፈልግ ነበርና በዚያው ግንድ መድረክ ሠሩበት። ጥሩ መድረክ ነው፣ ምን ይወጣለታል? እኛው የጠረብነው ዝግባ፣ ምስማር ተመትቶበት፣ ላዩ ላይ የሚሽከረከረው ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ዘርጋው።

መድረኩ በተሠራ በመጀመሪያው ማክሰኞ እትዬ ይመኙሻል ተሻግረው መጡ። አበቡ ሆዷ ገፍቶ ነበር። ሴትዮዋ መድረኩ ሥር ቆመው ግንዱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉትና ቀና አሉ።

«አንተ ዘርጋው፣ የተቀመጥከው እኮ ድልድዬ ላይ ነው።»

ዘበኛው ደምሰው ጠጋ ብሎ «እትዬ፣ እርስዎ ይበሉ» አላቸው።

«እርስዎ ዘርጋው፣ የተቀመጡት እኮ ድልድዬ ላይ ነው።»

ሕዝቡ ፈነዳ፤ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ለቀባሪ አረዱት ይባል የለ? ከሱ የበለጠ ማን ያውቀዋል የተቀመጠበትን? ራሱን መነቅነቅ እንኳን አቃተው። ያን ቀን ቤቱ ገብቶ ራቱን ሳይቀምስ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ዘነቡ ጀርባውን ብታሸው «ተይኝ፣ ጀርባዬን እኮ ነው የጠየቁኝ» አላት።

ክረምቱ ገባ። የበሰበሰው ድልድይ በመጀመሪያው ደራሽ ጎርፍ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ማዶ ያለ ማዶ፣ ወዲህ ያለ ወዲህ ቀረ። ዘርጋው አቶ ሰናይ ቢሮ ተመላለሰ፤ አቶ ሰናይም እላይ ጠየቁለት። ከላይ የመጣው መልስ የድልድይ ቅሬታ ካለ ለዋና ወቀሳ ተቀባይ ይቅረብ የሚል ነበር።

አበቡን ምጥ የያዛት ቀትር ላይ ነው። ጩኸት ሰምተን ወንዙ ዳር ስንወርድ ማዶ ላይ አራት ጎረምሶች ቃሬዛ ተሸክመው ቆመዋል፤ እትዬ ይመኙሻል ከፊት ናቸው። ዘርጋው ካፖርቱን እንደለበሰ እየሮጠ ደረሰ። በመካከላችን ያ ቀይ ውሃ ያጓራል። ሴትዮዋ ይጮኹበታል፤ አፋቸው ሲከፈትና ሲዘጋ ይታያል እንጂ ድምፃቸውን ወንዙ ይወስደዋል። ዕድሜውን ሙሉ ሰሚ ሲባል የኖረ ሰው ያን ቀን የሚሉትን መስማት አልቻለም። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ ውሃው ሲያዘነብል ያየሁት እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

ድንገት ዞረና ወደ ከተማው ሮጠ። እኛም ተከተልነው። መድረኩ ላይ ወጥቶ ወንበሩን በእርግጫ አንከባለለው፤ ከግንዱ ጫፍ ይዞ ይታገል ጀመር። ደምሰው ዱላውን ይዞ መጣ።

«ሰሚ፣ ኧረ በፈጠረዎት! የመንግሥት መድረክ እኮ ነው። እንጀራዬ ነው።»

«ደምሰው፣ ልጅቷ እየሞተች ነው።»

ደምሰው አየው፣ እኛን አየን፣ ዱላውን መሬት ላይ አስቀመጠና በአንዱ ጎን ገባ። ምስማሩ ብዙ ነበር። መንግሥት ሲመታ አጥብቆ ነው የሚመታው። ዘርጋው ጣቱን ተቀደደ፤ ደሙ በካፖርቱ ላይ ይወርዳል፣ አልታወቀውም። አንዱን ግንድ ነቀልን፣ ሁለተኛውን ነቀልን፣ በትከሻ ተሸክመን ቁልቁል ወረድን። የመጀመሪያውን ግንድ ጫፉን አስረን ወደ ማዶ እየገፋን ሳለ ከወዲያ የሚረዳን ሰው ጠፋ። ቀና ስንል ቃሬዛውን መሬት አስቀምጠውታል። እትዬ ይመኙሻል ነጠላቸውን አውልቀው ቃሬዛው ላይ እያለበሱ ነበር። ከራስ እስከ እግር። ልጁም አልወጣም።

ግንዱን ይዘን እንደቆምን ቀረን። ማንም ልቀቁ አላለንም፣ ማንም ግፉ አላለንም። ዘርጋው ጭቃው ላይ ቁጭ አለና ጮክ ብሎ እንደ ሴት አለቀሰ። እኔም አልቅሻለሁ፤ ምን አፍራለሁ?

መድረኩ ሳምንት ሳይሞላው ተጠገነ። መንግሥት እንዲህ ቶሎ የሠራው ሌላ ነገር አላውቅም። ግንዶቹ ከወንዙ ዳር በመኪና ተጭነው ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ እኛ ደግሞ ዳግመኛ ወንዝ ዳር ግንድ እንዳንከምር ተነገረን። ደምሰው ከሥራ ታገደ። ዘርጋውን ግን የሚነካው የለም፤ አስፈላጊ ሰው ነዋ። የዚያን ሳምንት ማክሰኞ ለቅሶው ሳይወጣ ወንበሩ ላይ እንዲገኝ መኪና ላኩለት።

እሱ ግን ቤተ መዘክሩ ሄዶ ነበር። መስታወቱ ፊት ቆሞ ሙቀጫውን ስጡኝ አለ። በባህላችን መሠረት ቀና አድርጌ ልወቅጥበትና ልውረድ፤ አቅቶኛል፣ አላቅሜ ነው የተቀበልኩት አለ። አስጎብኚዋ ልጅ መንካት ክልክል ነው አለችው። አቶ ሰናይ ተጠርተው መጡ።

«ሰሚ፣ ሐዘንዎ ይገባኛል» አሉት። «ግን ሰሚነት ከነሰሚው በቅርስነት ተመዝግቧል። ቅርስ ደግሞ ሥራ አይለቅም።»

ዘነቡ ይህን ስትሰማ ተነስታ የራሷን ሙቀጫ አወጣች። «ያው እንጨት አይደለም እንዴ? በኔው ውቀጥና ውረድ» አለችው። እውነቷን ነው። ተሸክመውት አውድማው ላይ ሄዱ፤ እኛም ተሰበሰብን። ዘርጋው ሙቀጫውን ቀና አደረገ፣ አንድ እፍኝ ገብስ ጨመረ፣ ዘነዘናውን አነሳና መውቀጥ ጀመረ። ለአገሩ ደንብ የሚበቃ ነበር። ክፋቱ፣ ያን ዕለት አቶ ሰናይ ከሌላ አገር የመጡ እንግዶችን ሲያስጎበኙ በዚያ አለፉ። እንግዶቹ ፎቶ አነሱ፣ አጨበጨቡ። ጥቂት ቆይቶ ከኛም ውስጥ የሚያጨበጭብ ተገኘ። በሚቀጥለው ማክሰኞ የዋናው ወቀሳ ተቀባይ የሙቀጫ ትርኢት ተብሎ በፕሮግራሙ ገባ። ከወቀሳው በፊት አንዴ፣ እንግዳ ካለ ሁለቴ ይወቅጣል።

ከዚያ በኋላ ዘርጋው አልታገለም። መኪናው ሲመጣ ይወጣል፣ ሲመልሰው ይገባል። ዘነቡ ስታናግረው ራሱን ይነቀንቅላታል። ይህ ነው የከፋኝ ትለኛለች፤ ቢቆጣኝ፣ ቢሰድበኝ፣ ድስት ቢያነሳብኝ ምን ነበረበት? እንዲህ እያለች አጥር ላይ ተደግፋ ስታለቅስ እኔ አይዞሽ እላለሁ። አይዞሽ ደግሞ ምን ይሠራል?

ክረምቱ አልፎ፣ ወንዙ ጎድሎ በእግር የሚሻገሩት ሲሆን፣ የጥንቱ የወቀሳ ቀን ደረሰ። ማክሰኞ ማክሰኞ ያለውን ሳይሆን ትልቁን፣ የአባቶቻችንን ማለቴ ነው። መንግሥት በዓል አደረገው። አውድማው ባንዲራ በባንዲራ ሆነ፣ ድንኳን ተተከለ፣ መድረኩ ቀለም ተቀባ። አቶ ሰናይ በድምፅ ማጉያ ሲናገሩ ለዛሬ ብቻ በልዩ ፈቃድ አንተ ማለት ተፈቅዷል፣ ያለምንም ፍርሃት ውቀሱ አሉ። ዘርጋው ካፖርቱን ለብሶ ወንበሩ ላይ ነበር፤ የጣቱ ቁስል ጠባሳ ሠርቶ ይታያል። ዘነቡ እንደ ደንቡ ከሴቶቹ ጋር ከፊት ተቀምጣለች።

ማንም አልተነሳም። ሁላችንም ዞረን እትዬ ይመኙሻልን ነበር የምናየው። እሳቸው ሳይናገሩ ማን አፍ አለው? ዘርጋውም እሳቸውን ነበር የሚጠብቀው። ዘነቡ እንደነገረችኝ ያን ጧት ካፖርቱን ስታለብሰው ስንት ጊዜ ዘግቶት የነበረውን አፉን ከፍቶ «ዛሬ ይወርዱብኛል። ይውረዱብኝ። እሳቸው አንጀታቸውን ካራሱብኝ እኔም ሰው እሆናለሁ» ብሏት ነበር። ስድባቸውን እንደ መድኃኒት ነበር የሚጠብቀው።

እትዬ ይመኙሻል ተነሱ። ማቃቸውን እንደለበሱ ቀስ ብለው መጥተው ከመድረኩ ሥር ቆሙ። ዘርጋው ካፖርቱን ከፈተና ወደ ፊት ጎንበስ አለላቸው። ዓይኑን ዓይናቸው ላይ ተከለ። ሴትዮዋ አተኩረው አዩት። ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኛ መለሱ።

«ዘርጋው ደግ ሰው ነበር» አሉ። «ሰው ይወድ ነበር። ቃሉን ያከብር ነበር። ድልድዩን ግን...» ቆም አሉና እጃቸውን አወናጨፉ። «ተዉኝ እስቲ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ።»

ይህን ብለው ተመለሱ። ወደ ቦታቸው ግን አልሄዱም፤ ዘነቡ ዘንድ ሄደው ጎንበስ ብለው ትከሻዋን ይዘው «እግዜር ያጽናሽ ልጄ» አሏት።

«ኧረ እትዬ ምን ነካዎት» አለች ዘነቡ፤ «ያው ቁጭ ብሎ አይደለም እንዴ?»

እሳቸው ግን ወደ ማዶ መንገዳቸውን ያዙ። ከኋላቸው ሌላ ሰው ተነሳ። ደምሰው ነበር፤ ባርኔጣውን አውልቆ ዘነቡ ፊት ቆመና «እግዜር ያጽናሽ» አላት። ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። ማንም ማንንም አላዘዘም፣ ማንም ወደ መድረኩ ቀና አላለም። ለቅሶ ቤት እንደምናደርገው ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ተሰለፍን። አቶ ሰናይ በድምፅ ማጉያው ሕዝቡ በዘንድሮው አገልግሎት ሙሉ በሙሉ ስለረካ ወቀሳ እንዳልቀረበ ይናገሩ ነበር።

ተራዬ ደርሶ ፊቷ ስቆም ዘነቡ ቀና ብላ ወደ ባሏ አየች። ዘርጋው ከወንበሩ ሆኖ ራሱን ይነቀንቅ ነበር፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና አዘቅዝቃ ለበሰችው።

«እግዜር ያጽናሽ» አልኳት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች።